መብረር የማይችሉ ፌንጣዎች፦ ማንነታቸውና አድራሻቸው እንዴት ይታወቃል?

የአንበጣ መንጋ ዜና በተሰማ ቁጥር ፌንጣ የተባለ ሁሉ አብሮ ይወቀሳል። ቢወቀስም አይገርምም። የበረሃ አንበጣ በአንድ ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይችላል። ድንበር አያውቅም፣ ባሕርም አያቆመውም። በ1988 ከምዕራብ አፍሪካ የተነሳ መንጋ አትላንቲክን ተሻግሮ ካሪቢያን ደርሷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የማወራው ግን ስለ ተቃራኒዎቹ ነው። ከተፈለፈሉበት ሳር ብዙም ሳይርቁ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ፌንጣዎች አሉ። ክንፍ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ክንፍ ለመብረር አይበቃም። ሰብል አያወድሙም፣ መንጋ አይሠሩም፣ ዜናም አይሆኑም። ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንድ ተራራ ጫፍ ወይም በአንድ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ከጠፉ ደግሞ በቃ፣ ከዓለም ጠፉ ማለት ነው።

እነዚህን ፌንጣዎች በዝርያ የሚለዩና ካርታቸውን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሥራው ሲወራ የሙዚየም መዝገብ አያያዝ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከባድም አስደሳችም ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ መብረር የማይችል ፌንጣ ማንነቱና አድራሻው ተነጣጥለው አይታወቁም። ስሙን በትክክል ለመስጠት የት እንደተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርታውን ለመሥራት ደግሞ ስሙ ትክክል መሆን አለበት። አንዱ ከተሳሳተ ሌላውም ተያይዞ ይሳሳታል።

መብረር የማይችል ፌንጣ አለ እንዴ?

አለ፣ ያውም ብዙ። መጀመሪያ ሦስት ቃላት እንያዝ። ዝርያ የምንለው እርስ በርሱ የሚራባና ራሱን የቻለ የእንስሳት ስብስብ ነው። የሚቀራረቡ ዝርያዎች በአንድ ወገን ሥር ይመደባሉ፣ የሚቀራረቡ ወገኖች ደግሞ በአንድ አስተኔ ሥር። ትልቁ የፌንጣና የአንበጣ አስተኔ አክሪዲዴ ይባላል፤ ብቻውን ከ6,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። የበረሃ አንበጣ ከእነዚያ ሁሉ አንዱ ነው።

መብረር አለመቻልም ደረጃ አለው። አንዳንዱ ጭራሽ ክንፍ የለውም፤ ለምሳሌ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ሌንቱሊዴ የተባለው አስተኔ አባላቱ በሙሉ ክንፍ አልባ ናቸው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈች አጭር ክንፍ አለችው፣ ምንም አትሠራለትም። በአንዳንዱ ዝርያ ወንዱ ይበራል፣ ሴቷ ግን አትበርም። አውሮፓ ውስጥ በየሜዳው የሚገኘው የመስክ ፌንጣ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፦ በተለምዶ ክንፉ አጭር ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ረጅም ክንፍ ያለው ይወለድበታል። ስለዚህ «ይህ ዝርያ አይበርም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ «አብዛኛው አይበርም» ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። የማንኛውም ፌንጣ ልጅ፣ ማለትም ኩብኩባው፣ መብረር አይችልም። ክንፉ ገና አላደገም። ታዲያ አጭር ክንፍ ያለው ነገር ስናይ ያላደገ ኩብኩባ ነው ወይስ ያደገና መብረር የማይችል ዝርያ? አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ኩብኩባው ለአካለ መጠን ሊደርስ ሲቃረብ የክንፍ ቡቃያዎቹ ይገለበጣሉ፤ የኋለኛው ክንፍ ቡቃያ ከላይ ሆኖ የፊተኛውን ይሸፍናል። ያደገው ላይ ግን የፊተኛው ክንፍ ነው ከላይ የሚሆነው፣ ምንም ያህል ቢያጥርም። ክንፍ ጭራሽ በሌላቸው ላይ ይሄ አይሠራም፤ ያኔ የሆዱን ጫፍ ማየት ነው፣ የመራቢያ አካሉ ሙሉ መሆኑን። ይህን የማያውቅ ሰው ተራ ኩብኩባ ይዞ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ሊል ይችላል።

መብረርን የሚያህል ነገር ለምን ይተዋሉ?

ክንፍ በነጻ አይገኝም። ክንፉን ማሳደግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክንፉን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎች ማብቀልና መቀለብ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ያንን ጉልበት ሴቷ እንቁላል ላይ ብታውለው ብዙ ልጅ ታፈራለች። መኖሪያው በየጊዜው የሚደርቅና የሚጠፋ ከሆነ መብረር ግዴታ ነው፣ አለዚያ እልቂት ነው። መኖሪያው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የተራራ ጫፍ ሳር፣ ያረጀ ደን ወይም የድንጋይ ሜዳ፣ የሚበረው ፌንጣ እዚያው ከተቀመጠው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ጥሩውን ቦታ ትቶ ወዴት ይሄዳል?

ተራራ ላይ ሌሎች ምክንያቶችም ይጨመራሉ። የበረራ ጡንቻ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ብርድ ነው፣ የማደጊያው ወቅትም አጭር ነው። ነፋሱም አለ። ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ በማዴይራ ደሴት ከሚታወቁት 550 የጥንዚዛ ዝርያዎች 200ዎቹ መብረር እንደማይችሉ ጠቅሶ፣ የሚበሩት በነፋስ ወደ ባሕር እየተወሰዱ አልቀው ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ነው። ክንፍ ማጣት አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በተለያየ አህጉር፣ በተለያየ የዘር ሐረግ፣ ደጋግሞ ተከስቷል። ክንፍ ሲጠፋ ደግሞ ሌላውም አብሮ ይለወጣል፤ ደረቱ ይጠባል፣ በብዙዎቹ ላይ ሆዱ ጎን ያለው ጆሮ ያንሳል ወይም ይጠፋል። ውጤቱ፣ ዝምድና የሌላቸው ክንፍ አልባዎች ወንድማማች ይመስላሉ፤ ክንፍ ያለውና የሌለው የቅርብ ዘመዳሞች ደግሞ ባዳ ይመስላሉ። ስለዚህ «ክንፍ የላቸውም» ብሎ በአንድ ቅርጫት መክተት ከሁሉ የከፋው አመዳደብ ነው። ሜላኖፕለስ የተባለውን ወገን ብቻ ብናይ በቂ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አሜሪካን ሰማይ የሸፈነው፣ በኋላም ከምድረ ገጽ የጠፋው የሮኪ ተራራ አንበጣ የዚህ ወገን አባል ነበር። ከአንድ የተራራ ሰንሰለት ወጥተው የማያውቁ ብዙ አጭር ክንፎችም የዚሁ ወገን አባላት ናቸው።

ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን ይለያሉ?

ቀለም ብዙ አይረዳም። አንድ ዝርያ ውስጥ አረንጓዴም ቡናማም ሊኖር ይችላል። መጠንም እንዲሁ፣ ከፍ ባለና ብርዳማ ቦታ ያደገው ያንሳል፣ ዝቅ ያለው ይተልቃል።

በብዙ ወገኖች ውስጥ ሁነኛው መለያ የወንዱ መራቢያ አካል ነው። ከሆዱ ጫፍ ግራና ቀኝ የሚወጡ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ፣ ቅርጻቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያል፤ ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይለያል። ሆኖም እሱን ለማየት ናሙናውን አለስልሶ፣ በመርፌ ስቦ አውጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ፌንጣዎች እዚያ ላይ በግልጽ ይለያያሉ። ቴዎዶር ሀበል የተባለው ተመራማሪ በ1932 የሜላኖፕለስን አንድ ቡድን፣ በአብዛኛው በፍሎሪዳ የሚኖሩ ትናንሽ መብረር የማይችሉ ፌንጣዎችን፣ በዚህ መንገድ አጥንቶ ከፋፍሏል። ሥራው ዛሬም ይጠቀሳል።

ሴቷስ? ሴቷ ችግር ናት። በብዙ ዝርያዎች ሴቷን ብቻዋን አይቶ ስም መስጠት አይቻልም። ከወንዱ ጋር አንድ ቦታ ላይ ካልተያዘች በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ «ወገኑ ይታወቃል፣ ዝርያው አይታወቅም» ተብላ ዓመታት ትቀመጣለች። አያችሁ፣ ቦታ ቀድሞ ገባ።

ስም አሰጣጡ ራሱ ሥርዓት አለው። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚጀምረው ካርል ሊኔየስ በ1758 ካሳተመው ሥራ ነው። እሱ ራሱ ያኔ ስም ከሰጣቸው መካከል አንዷ መብረር የማትችል ፌንጣ ነበረች፤ ዛሬ ፖዲስማ ፔደስትሪስ ትባላለች፣ ትንሽ ቆይተን እንመለስባታለን። አሁን ባለው ሕግ አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው አንድ ናሙና መርጦ የስሙ መያዣ ያደርገዋል። ስሙ ከዚያ ናሙና ጋር ለዘለዓለም ይታሰራል። ከ100 ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሳ ሰው ሁሉ ወደዚያ ናሙና ይመለሳል። ችግሩ ብዙዎቹ የቆዩ ናሙናዎች ላይ ያለው ወረቀት የተራራ ስምና ዓመት ብቻ ነው የሚለው። የትኛው ጎን? ምን ያህል ከፍታ ላይ? አይታወቅም። ጎን ለጎን ሁለት ዝርያ በሚኖርበት ተራራ ላይ ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው።

ከመልክ ሌላ ክሮሞዞም አለ። ክሮሞዞም በሴል ውስጥ ዘረ መል የተጠቀለለበት ዘንግ ነው። ማይክል ዋይት የተባለው ሳይንቲስት አውስትራሊያ ውስጥ ሞራቢን የሚባሉትን፣ እንጨት የመሰሉ ክንፍ አልባ ፌንጣዎች፣ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠና በመልክ የሚመሳሰሉ ብዙዎቹ በክሮሞዞም እንደሚለያዩ አገኘ። ከዚያ የደረሰበት ሐሳብ ለዝርያ መፈጠር ምክንያቱ የክሮሞዞም ለውጥ ራሱ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ብዙ ተከራክረውበታል፣ ግን የፌንጣ ካርታ ያለ ክሮሞዞም እንደማይሟላ ያሳየው እሱ ነው።

የፖዲስማ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ባሉት የአልፕስ ተራሮች ላይ ሁለት ዓይነት አሉ። በመልክ ልዩነት የላቸውም። የፆታ ክሮሞዞማቸው አደረጃጀት ግን ይለያያል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በተራሮቹ ላይ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃል፣ ስፋቱ ግን ከ1 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። እዚያ ይዳቀላሉ፣ ዲቃሎቹ ግን ደካማ ናቸው፣ ብዙዎቹ አያድጉም። አጥር ተጋርተው እንደማይጠያየቁ ጎረቤቶች ናቸው። ጎድፍሬይ ሂዊትና ኒክ ባርተን ይህን መስመር ለዓመታት ለክተው፣ አንድ ፌንጣ በሕይወት ዘመኑ የሚርቀው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር መሆኑን አሳይተዋል። መስመሩ ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት? ሳይንቲስቶቹ አንድ ዝርያ፣ ሁለት ዘር ይሏቸዋል፤ ዘር ሲሉ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የተለየ ቡድን ማለታቸው ነው። እኔ እዚህ ላይ ስሙ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ መስመሩ በካርታ ላይ መኖሩ ይበልጥብኛል።

ዲኤንኤ ይህን ሁሉ አይፈታውም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው። ከ2003 ጀምሮ «የዲኤንኤ ባርኮድ» የሚባል ዘዴ ተስፋፍቷል። ማይቶኮንድሪያ ከሚባለው የሴል ክፍል አንዲት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ 658 ፊደል ርዝመት ያላት፣ ይነበብና ከሌሎች ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል ይባላል። ለብዙ እንስሳት ጥሩ ይሠራል።

ፌንጣ ላይ ግን ወጥመድ አለው። የፌንጣዎች አጠቃላይ ዲኤንኤ እጅግ ትልቅ ነው፤ የፖዲስማ ብቻ ከሰው ከ5 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህ ግዙፍ ክምችት ውስጥ ከማይቶኮንድሪያ በስህተት ተገልብጠው የገቡ፣ ሥራ የሌላቸው ብዙ የሞቱ ቅጂዎች አሉ። ማሽኑ እውነተኛውን ትቶ ከቅጂዎቹ አንዱን ሊያነብ ይችላል። በ2008 ሆጁን ሶንግና ባልደረቦቹ ፌንጣዎችን ጨምረው ባደረጉት ጥናት፣ እነዚህ ቅጂዎች ካልተለዩ አንዱ ዝርያ ብዙ ዝርያ መስሎ እንደሚቆጠር አሳይተዋል። ስለዚህ ባርኮድ ብቻውን ተይዞ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ጠርጠር ማድረግ ተገቢ ነው። ጠንካራው ሥራ መልክን፣ የመራቢያ አካልን፣ ብዙ የዲኤንኤ ክፍሎችንና ቦታን አንድ ላይ ያያል።

ካርታ ላይ ያለችው ነጥብ ምን ትላለች?

ነጥቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህ ፌንጣ ታይቷል። ባዶው ቦታ ግን «እዚህ የለም» አይልም። ማንም ሄዶ አላየ ይሆናል። የብዙ ዝርያዎች ካርታ ነጥቦቹ መንገድ ተከትለው የተደረደሩት ፌንጣው መንገድ ስለሚወድ አይደለም፤ ሰብሳቢዎቹ በመኪና ስለሚሄዱ ነው። ካርታ ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ነው ያለው?» ሳይሆን «የት ነው የተፈለገው?» ነው።

መፈለጉም ቀላል አይደለም። ብዙ ፌንጣዎች የኋላ እግራቸውን ከፊተኛው ክንፍ ጋር እያፋተጉ ይዘምራሉ፣ አጥኚም ድምፅ ሰምቶ ይመዘግባቸዋል። ክንፍ የሌለው በምን ይዘምራል? ብዙዎቹ ዝም ናቸው። ሲጠጉትም አይበርም፣ ዘሎ ሳር ውስጥ ይደበቃል ወይም ባለበት ደርቆ ይቀራል። ወቅትም ይወስናል። ዝርያን ለመለየት ያደገ ወንድ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሆናል የሚገኘው። ከወር በፊት የመጣ አጥኚ ኩብኩባ ብቻ ያገኛል፣ ከወር በኋላ የመጣ ምንም አያገኝም፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የልኬት ጉዳይ አለ፣ ይሄ ሲናቅ አያለሁ። ቦታ የሚጻፈው በኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥር ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከተጻፈ ትክክለኛነቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለወፍ ይበቃል። በሕይወቱ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ብቻ ለሚጓዝ ፌንጣ ግን 1 ኪሎ ሜትር ማለት ሌላ ዘር፣ ምናልባትም ሌላ ዝርያ ነው። አራት አሃዝ ከተጻፈ ስህተቱ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል። ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ ወደዚህ ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ማሳጠር ምንም ምክንያት የለውም።

ነጥቦቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ሁለት ዓይነት ስፋት ይሰላል። የመጀመሪያው ዳር ዳር ያሉትን ነጥቦች አገናኝቶ ውስጡን መለካት ነው። ሁለተኛው ምድሩን 2 በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ፌንጣው የተገኘባቸውን ብቻ መቁጠር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሁለት ራቅ ባሉ ተራሮች ጫፍ የሚኖር ዝርያ በመጀመሪያው ስሌት ሰፊ አገር ያለው ይመስላል፤ በሁለተኛው ግን ጥቂት ካሬዎች ብቻ ናቸው። መብረር ለማይችል እንስሳ ሁለተኛው ይበልጥ እውነቱን ይናገራል ብዬ አምናለሁ፣ መሐል ያለው ሸለቆ ለሱ ባሕር ነውና።

የኮምፒውተር ሞዴሎችም አሉ። የታወቁትን ነጥቦች፣ ሙቀቱን፣ ዝናቡን፣ ከፍታውን ይወስዱና «ይህን የመሰለ ቦታ ሌላ የት አለ?» ብለው ካርታ ያወጣሉ። የት ሄዶ መፈለግ እንዳለበት ለማወቅ ድንቅ መሣሪያ ናቸው። ነገር ግን ሞዴሉ የሚያሳየው ለፌንጣው የሚስማማውን ቦታ ነው፣ ፌንጣው ያለበትን አይደለም። የሚስማማው ተራራ ማዶ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ክንፍ የሌለው በምን ይሻገራል? በቀለም የተሞላ የሞዴል ካርታ አይቶ «እዚህም እዚያም አለ» የሚል ሰው ዝርያውን ካለው በላይ እያበዛው ነው።

ፌንጣው ካልተንቀሳቀሰ ካርታው እንዴት እንዲህ ሆነ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። እነሱ ካልበረሩ፣ ሥርጭታቸውን የሠራው የምድሩ ታሪክ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች ላይ በየጫፉ የተለያዩ የሜላኖፕለስ ዝርያዎች አሉ። እነዚህን ጫፎች ተመራማሪዎች «የሰማይ ደሴቶች» ይሏቸዋል፣ በቆላ የተከበቡ የብርድ ቦታዎች ስለሆኑ። በበረዶ ዘመን ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ ፌንጣዎቹም አብረው ይወርዳሉ፣ ሲሞቅ ተመልሰው ወደ ጫፍ ይሸሻሉ። ይህ ደጋግሞ ሆኗል። ሌሲ ኖውልስ በ2000 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ መውጣትና መውረድ ዝርያዎችን አደባልቆ አንድ ከማድረግ ይልቅ አዳዲሶች የተፈጠሩት በዚያው በበረዶው ዘመን ውስጥ መሆኑን በዲኤንኤ አሳይታለች።

ፍሎሪዳ ተራራ የላትም፣ ግን የአሸዋ ጉብታዎች አሏት። ጥንት የባሕሩ ከፍታ ዛሬ ካለው ሲበልጥ እነዚህ ጉብታዎች ደሴቶች ነበሩ። ባሕሩ ሸሽቷል፣ የፌንጣዎቹ ካርታ ግን ዛሬም የጥንቱን ደሴቶች ይከተላል።

የአውሮፓው የመስክ ፌንጣ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። በረዶው ሲቀልጥ ከባልካን ተነስቶ በትውልድ በትውልድ እየተራመደ ሰሜን አውሮፓን ሞልቷል፣ ብሪታንያም ገብቷል፤ ያኔ መሐሉ ባሕር ሳይሆን የብስ ስለነበር። በስፔንና በጣሊያን የቀሩት ዘመዶቹ ግን በፒሬኔና በአልፕስ ተራሮች ታግደው ቀሩ። አለመብረር አለመስፋፋት አይደለም፣ ጊዜ ካለ።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ዋራማባ ቪርጎ አለች። ዋይትና ባልደረቦቹ በ1963 ነው ያስተዋወቋት። ወንድ የላትም። ሁሉም ሴት ናቸው፣ ያለ ወንድ ይራባሉ። ከሁለት ሌሎች ዝርያዎች መዳቀል የመጣች ናት። የምትገኘው በአህጉሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው፣ መሐሉ እጅግ ሰፊ ክፍተት ነው። አንዲት እናት ብቻዋን አዲስ ቦታ ብትደርስ ዘር መተካት ትችላለች፤ ወንድና ሴት የሚያስፈልገው ዝርያ ይህን አይችልም። አራባቡ ካልታወቀ ካርታው ትርጉም አይሰጥም።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው?

ምክንያቱም ጥበቃ የሚደረገው በስምና በካርታ ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታት በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ፣ የሥርጭት ስፋት አንዱ መለኪያ ነው። ከላይ ባልነው የካሬ አቆጣጠር ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች የያዘ ዝርያ፣ መኖሪያው እየተቆራረጠና እየቀነሰ መሆኑ ከተጨመረበት፣ በከፍተኛው የአደጋ ደረጃ ሊመደብ ይችላል። ከ500 በታች የሆነው ቀጣዩ ደረጃ ነው። አሁን አስቡት፦ «አንድ ሰፊ ዝርያ» ተብሎ የተመዘገበው በእውነቱ አራት ዝርያ ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው በአደጋ ላይ ሆነው ማንም አያውቅም። የተገላቢጦሹም አለ፤ በባርኮድ ስህተት አንዱ ሦስት ተብሎ ቢቆጠር፣ ያለችው ጥቂት ገንዘብ ለሌሉ ዝርያዎች ትወጣለች።

በደቡብ ፈረንሳይ ክሮ የተባለ የድንጋይ ሜዳ አለ። ፕሪዮኖትሮፒስ ሮዳኒካ የተባለችው አጭር ክንፍ ፌንጣ በዓለም ላይ ያለችው እዚያ ብቻ ነው። ሜዳው በእርሻ፣ በኢንዱስትሪና በመንገድ ተቆራርጧል። በቀይ መዝገቡ ከፍተኛው የአደጋ ደረጃ ላይ ናት። ቀለሟ ከድንጋዩ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው አጠገቧ ቆሞ ላያያት ይችላል፤ በማሽተት የሚያገኟት የሠለጠኑ ውሾች እስከመጠቀም ተደርሷል። እያንዳንዷ አዲስ ነጥብ የቱ መሬት ይጠበቅ የሚለውን ውሳኔ ትለውጣለች።

አውስትራሊያ ላይ ኬያክሪስ ስኩራ የምትባል ሞራቢን አለች። ቀድሞ በደቡብ ምሥራቁ የሳር ምድር የተለመደች ነበረች። በጎች የምትኖርበትን የዱር አበባ ሲግጡ አለቀች፣ በጎች በማይገቡባቸው አጥር ባላቸው የመቃብር ቦታዎችና በመሳሰሉት ጥግ ጥግ ቀረች። አሁን ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ተመዝግባለች። ወደ ጠፋችበት መልሶ ማስፈር ይቻላል፣ ግን የ15 ክሮሞዞምና የ17 ክሮሞዞም ዘሮች አሏት። ከየት ወስዶ የት ማስፈር እንደሚሻል የሚነግረን ያ ዋይት በ1950ዎቹ እየዞረ መሙላት የጀመረው የክሮሞዞም ካርታ ነው።

እኔ አንድ ባገኝስ?

መያዝም መግደልም አያስፈልግም። ጥሩ ፎቶ ብዙ ይሠራል። ከጎን አንድ፣ ከላይ አንድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሆዱን ጫፍ ቀረብ ብሎ። የክንፉ ጥግ በግልጽ ይታይ፣ ኩብኩባ መሆን አለመሆኑ እዚያ ላይ ነውና። የነበረበትን ተክል፣ ከፍታውን፣ ቀኑን ጻፉ። የስልኩን ጂፒኤስ ክፈቱ፣ ቁጥሩንም አታሳጥሩ። ከዚያ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል ፎቶ በሚለጥፉበት፣ አይናቹራሊስት በመሰለ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ቢቀመጥ ባለሙያዎች ያዩታል።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። መድረኩ ለአደጋ የተጋለጠ ዝርያ ሲሆን ሕገወጥ ሰብሳቢ እንዳይሄድበት ትክክለኛውን ነጥብ ይደብቅና ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥሩ ጥበቃ ነው፣ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ፌንጣ ያቺ የተበተነች ነጥብ ለካርታ አትጠቅምም። ሃያ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስት ተራራ ሊኖር ይችላል። ተመራማሪው ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ያለው ቀላሉ መንገድ ፎቶውን ያነሳውን ሰው መጠየቅ ነው። ስለዚህ ከለጠፋችሁ በኋላ መልእክት ሲደርሳችሁ ማንነቱን አጣርታችሁ መልሱለት።